ተከትበናል፤ ታዲያ አዲሱ ዝርያ ያሰጋናል ወይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 36 ነው። ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው የምኖረው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። በ2014 ዓ.ም. በዘመቻው ጊዜ ሁለታችንም ጆንሰን የሚባለውን አንድ ጊዜ ተወጋን። ከዚያ ወዲህ አልደገምንም። አሁን ደግሞ የኮሮና አዲስ ዝርያ መጣ ይባላል። የድሮው ክትባት ለአዲሱ አይሠራም የሚሉ አሉ። ጎረቤታችን ሦስት ጊዜ ተከትቦ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለ። አንድም ቀን ያልተከተበው ወንድሙ ምንም አልሆነም። ታዲያ ክትባቱ ምን ጠቀመ? እኔና እናቴ የመያዝና የመሞት ዕድላችን በመቶኛ ስንት ነው? ደም ተመርምረን መከላከያችን አልቆ እንደሆነ ማወቅስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ «ክትባቱ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለው አንድ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቫይረሱ እንዳይዘኝ ያደርጋል ወይ? ሁለተኛ፣ ከያዘኝ በኋላ እንዳልታመም ያደርጋል ወይ? ሦስተኛ፣ ኦክስጅን እስከመፈለግና እስከመሞት እንዳልደርስ ያደርጋል ወይ? የሦስቱ መልስ አንድ አይደለም። አዲስ ዝርያ ሲመጣ ቶሎ የሚሸረሸረው የመጀመሪያው ነው። ሦስተኛው ብዙ ይቆያል። በየሰፈሩ የሚሰማው ክርክር በአብዛኛው ከዚህ መደባለቅ የሚመጣ ነው። አንዱ ስለ መያዝ ያወራል፣ ሌላው ስለ መሞት፤ ሁለቱም «ክትባቱ» እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ላስረዳ። የተወጋችሁት ጆንሰን ለሰውነት የሚያሳየው የቫይረሱን አንድ ክፍል ብቻ ነው። ስፓይክ ይባላል፤ ቫይረሱ ሴላችን ላይ ተጣብቆ የሚገባበት እሾህ መሰል ፕሮቲን ነው። ሰውነት ያንን አይቶ ሁለት ዓይነት መከላከያ ያዘጋጃል። አንዱ አንቲቦዲ ነው። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ሳይገባ ስፓይኩ ላይ ይለጠፍበትና ያግደዋል። ሌላው ቲ ሴል ነው። እሱ መግባቱን አይከለክልም፤ ቫይረሱ የገባባቸውን ሴሎች እየፈለገ ያጠፋል። አሁን ችግሩ የት ላይ ነው? አዲስ ዝርያ ማለት በአብዛኛው ስፓይኩ ላይ ለውጥ ያመጣ ቫይረስ ነው። ቫይረሱን የሚያግደው አንቲቦዲ የሚያተኩረው ስፓይኩ ላይ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። እነዚያ ሲቀየሩ መያዣ ያጣል። ቲ ሴል ግን የስፓይኩን ቁርጥራጮች ከብዙ ቦታ ስለሚያውቃቸው፣ የተወሰነው ቢቀየርበትም ቀሪውን ይለያል።

ይህ በግምት የተወራ አይደለም፤ በኦሚክሮን ጊዜ በተግባር ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ኦሚክሮንን አሳሳቢ ዝርያ ብሎ የሰየመው ኅዳር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ኅዳር ሲታጠን ካለፈ አምስት ቀን እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። (ቆሻሻ የምናቃጥልበት ያ ቀን የ1911 ዓ.ም.ን የኅዳር በሽታ የሚያስታውስ መሆኑን የዛሬ ልጆች ስንቶቹ ያውቁ ይሆን?) ኦሚክሮን ስፓይኩ ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጦች ነበሩት። የእንግሊዝ ጤና ባለሙያዎች ሁለት ዙር አስትራዜኔካ የተወጉ ሰዎችን ሲከታተሉ፣ ከ20 ሳምንት በኋላ ክትባቱ ምልክት ካለው የኦሚክሮን ሕመም የሚሰጠው መከላከያ ከምንም የማይቆጠር ሆኖ አገኙት። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «አይሠራም» ቢል አይፈረድበትም።

ግን የደቡብ አፍሪካን ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጡት። እዚያ ሁለት ዙር ፋይዘር የተወጉ ሰዎች በኦሚክሮን ማዕበል መጀመሪያ ላይ ከመያዝ የነበራቸው መከላከያ 33 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሆስፒታል ከመግባት ግን 70 በመቶ ገደማ ተከላክሎላቸዋል። ከኦሚክሮን በፊት ይኸኛው 93 በመቶ ነበር፤ ስለዚህ እሱም ቀንሷል፣ ሐሰት የለውም። ሆኖም አልወደቀም። የኬፕታውን ተመራማሪዎች ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ሲያዩት፣ በክትባት ወይም በቀድሞ ሕመም የተገኘው የቲ ሴል ምላሽ ከ70 እስከ 80 በመቶው ኦሚክሮንንም ይለይ ነበር። ያረጀ ቆርቆሮ የጅማን የክረምት ዝናብ እንደሚያንጠባጥብ ቤቱን ግን እንደማያስጥለቀልቅ ያለ ነገር ነው።

ወደ እናንተ ልምጣ። በ2014 የተወጋችሁት አንድ መጠን ዛሬ ከመያዝ ያድነናል ብላችሁ አትቁጠሩ። አያድናችሁም። ቫይረሱን በር ላይ የሚያስቆመው አንቲቦዲ በወራት ውስጥ ነው የሚቀንሰው፤ ዝርያው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በዚህ በኩል ያሉት ሰዎች እውነት አላቸው። የተሳሳቱት «ስለዚህ ምንም የለንም» ብለው ሲደመድሙ ነው።

ምክንያቱም ዛሬ በሰውነታችሁ ውስጥ ያለው መከላከያ የዚያ አንድ መርፌ ብቻ አይደለም። ቫይረሱን እራሱን ሳታገኙት አትቀሩም፤ ምናልባትም ከአንድ ጊዜ በላይ። ይህን የምለው እንዲሁ በድፍረት አይደለም። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሠራተኞች ላይ የተደረገ የደም ጥናት አለ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከመቶው 31 ያህሉ ላይ የኮሮና አንቲቦዲ ተገኘ። በየካቲት 2013 ቁጥሩ 56 ገደማ ደረሰ። ልብ ይበሉ፣ ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም ሰው አልተከተበም፤ ክትባቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በመጋቢት ነው። ብዙዎቹ መያዛቸውን ጭራሽ አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ ዴልታ አለፈ፣ ኦሚክሮን አለፈ። የሆስፒታል ሠራተኛ ከሌላው ይልቅ እንደሚጋለጥ አውቃለሁ። ቢሆንም ከዚያን ጊዜ ወዲህ ባለፉት ዓመታት አንድም ጊዜ ያልነካው አዋቂ ሰው ጅማ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

የጎረቤትዎን ወንድም ነገር በዚህ መነጽር ይዩት። «ያልተከተበ» ማለት «መከላከያ የሌለው» ማለት አይደለም። ምናልባት ከዓመታት በፊት ጉንፋን ነው ብሎ በዝንጅብልና በዳማከሴ ያሳለፈው ነገር ኮሮና ነበር። ዋጋውን ያኔ ከፍሏል ማለት ነው፤ ዕድለኛ ሆኖ በርካሽ አለፈው። በዚያው መንገድ ሄደው ያልተመለሱ ግን አሉ። እነሱ ደግሞ ቡና ላይ ተቀምጠው «እኔ ሳልከተብ ምንም አልሆንኩም» ብለው አያወሩም።

ተከትቦ የታመመው ጎረቤትዎስ? ሁለት ሳምንት ቤቱ ተኝቶ ተነሳ። ክትባቱ ቃል የገባው በአብዛኛው ይህንን ነው። ደግሞ «ሆስፒታል ከተኙት ብዙዎቹ የተከተቡ ናቸው» የሚል ወሬም ይሰሙ ይሆናል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ሰዎች የሚያስቡት አይደለም። ለማስረዳት ብቻ ቁጥር ልፍጠር። ከ1,000 አረጋውያን 900ዎቹ ተከትበዋል፣ 100ዎቹ አልተከተቡም እንበል። ካልተከተቡት ከመቶ 10፣ ከተከተቡት ከመቶ 2 ሰው ሆስፒታል ገባ። ካልተከተቡት 10 ሰው፣ ከተከተቡት 18 ሰው ተኛ ማለት ነው። ክፍሉን ዞሮ የቆጠረ ሰው «አብዛኛው የተከተበ ነው» ይላል። የአንድ የተከተበ ሰው አደጋ ግን ካልተከተበው በአምስት እጥፍ ያነሰ ነው። የተከተበው ሕዝብ ሲበዛ ከታመሙት ውስጥም የተከተበው ቁጥር ይበዛል። ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን ወደ መቶኛው እንሂድ። «የእኔ ዕድል ስንት ነው?» ለሚለው አንድ ቁጥር ቆርጦ የሚሰጥዎት ባለሙያ ካገኙ ይጠርጥሩት። የመያዝ ዕድል በእርስዎ ደም ብቻ አይወሰንም። በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ምን ያህል ቫይረስ አለ? ስንት ለቅሶ ቤት ተቀመጡ? ልጆቹ የሚማሩበት ክፍል መስኮት ይከፈታል? እነዚህ በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። የመሞት ዕድል ግን ሊመዘን ይችላል፤ እዚያ ላይ ከዝርያው ስም በላይ የሚወስነው ዕድሜ ነው። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ስሌት፣ ከ65 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሰዎች በኮቪድ የመሞት መጠናቸው ከ18 እስከ 29 ካሉት 60 እጥፍ ገደማ ነበር። ስኳርና ደም ግፊት ሲጨመሩበት ደግሞ ይብሳል፤ በተለይ ስኳሩ ሳይስተካከል የቆየ ከሆነ።

ስለዚህ እርስዎና እናትዎ አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ክትባት፣ በአንድ ዝርያ ፊት ቆማችሁ እንኳ አደጋችሁ አይገናኝም። አሁንም ቁጥሩ ለማስረጃ የተፈጠረ ነው፦ እንደ እናትዎ ያሉ 1,000 ሰዎች ቢያዙ 20ዎቹ ሆስፒታል ይገባሉ እንበል። አደጋውን በ70 በመቶ የሚቀንስ መርፌ ቢወስዱ 6 ብቻ ይገባሉ፤ 14 ሰው ተረፈ። እንደ እርስዎ ያሉ 1,000 ጤነኞች ቢያዙ ደግሞ የሚገባው 1 ሰው ቢሆን፣ ያው 70 በመቶ የሚያተርፈው አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። መርፌው አንድ ነው፣ መቶኛውም አንድ ነው፤ ጥቅሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። «ክትባቱ 70 በመቶ ይከላከላል» የሚል ዜና ሲያነቡ «የማንን፣ ከምን?» ብለው ይጠይቁ።

ስለ «አዲስ ዝርያ» ወሬም ጥቂት ልበል። ቫይረሱ ሲባዛ ይቀያየራል፤ አዲስ መምጣቱ ብቻውን ዜና አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ ከቀድሞው ይልቅ ይዛመታል? ያለንን መከላከያ ያመልጣል? የያዘውን ሰው የባሰ ይጎዳል? ከኦሚክሮን ወዲህ የሰማናቸው፣ በፊደልና በቁጥር የሚጠሩት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንጂ ሦስተኛውን አላሳዩም። ሁሉም የኦሚክሮን የልጅ ልጆች ናቸው። እስካሁን ከኦሚክሮን ቀጥሎ አዲስ የግሪክ ፊደል ስም የተሰጠው ዝርያ የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ዓለም አቀፉን የአደጋ ጊዜ አዋጅ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አንስቷል።

ይህ ግን «ቀልሏል፣ ተውት» ማለት አይደለም። ኦሚክሮን የቀለለው በከፊል ሰዉ መከላከያ ይዞ ስለጠበቀው ነው። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ሆንግ ኮንግ የሆነውን ያስታውሱ። ያው ቀላል የተባለው ኦሚክሮን ገባ። እዚያ አብዛኞቹ በጣም ያረጁ ሰዎች አልተከተቡም ነበር፤ ቀድሞ የያዛቸውም ጥቂት ናቸው። ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር የሞቱት ሰዎች ብዛት በዚያን ወቅት በዓለም ከፍተኛ ከተባሉት አንዱ ሆነ። ከሞቱት አብዛኞቹ ያልተከተቡ አረጋውያን ነበሩ። ቀላል የሚባል ቫይረስ ያልተዘጋጀ አዛውንት ላይ ቀላል አይደለም።

የደም ምርመራው ላይ ገንዘብ አታውጡ። የአንቲቦዲ ምርመራ «አለ» ወይም «የለም» ይላችሁ ይሆናል። ግን ስንት ከሆነ ይበቃል የሚል የታወቀ መለኪያ የለም። የሚመረምሩት አንቲቦዲ ለአዲሱ ዝርያ ይስማማ አይስማማ አይነግራችሁም። ቲ ሴልን ደግሞ ጭራሽ አያየውም። ብዙ አንቲቦዲ ያለው ሰው ተዝናንቶ ይታመማል፤ ትንሽ የተገኘበት በከንቱ ይሸበራል። ያ ብር ለእናትዎ ስኳር ምርመራ ይዋል። የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ፣ ኤ ዋን ሲ የሚባለው፣ ስለ አደጋዋ ከአንቲቦዲው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ምን ይደረግ ታዲያ? የእናትዎ ነገር ግልጽ ነው፤ ማጠናከሪያ መጠን ያስፈልጋቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአረጋውያንና ተጓዳኝ በሽታ ላለባቸው ሰዎች ከመጨረሻው መጠን ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲደገም ነው። እናትዎ ሁለቱንም ያሟላሉ፤ ከተከተቡ ደግሞ ዓመታት አልፈዋል። ጆንሰን ነበር ብላችሁ ያንኑ አትፈልጉ። ሌላ ዓይነት መደባለቅ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። ለአዲሶቹ ዝርያዎች የተስተካከለ ክትባት ካለ እሱ ይመረጣል። ከሌለ ግን «አዲሱ እስኪመጣ» እያሉ መጠበቅ ስህተት ነው። ያለውን ይውሰዱ። መከላከያው ለመጎልበት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚወስድ፣ ሰፈሩ ማሳል ከጀመረ በኋላ መሯሯጥ አይጠቅምም።

እርስዎ ጤነኛ ከሆኑ ጉዳይዎ እንደ እናትዎ አይቸኩልም። ከመጀመሪያው መጠን በኋላ አንድ ማጠናከሪያ መውሰድ ተገቢ ነው፤ ክትባቱ በቂ ከሆነ ይውሰዱ። አንድ መጠን ብቻ ቀረ ከተባለ ግን ለእናትዎ ይሁን። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም ሕመም ወይም መድኃኒት ካለ፣ ይህ ምክር ይቀየራል፤ እርስዎም ከቀዳሚዎቹ ይሆናሉ። ጤነኛ ልጆችዎ በጣም ዝቅተኛ አደጋ ላይ ናቸው። የእነሱን መደበኛ ክትባት፣ በተለይ የኩፍኝን፣ አለመዝለል ከኮሮናው ይበልጣል።

የሚፈሩት የጎንዮሽ ጉዳት ይኖር ይሆናል። ጆንሰን ከደም መርጋት ጋር መያያዙ እውነት ነው፤ ከሚሊዮን ጥቂት ሰዎች ላይ፣ በአብዛኛው ከመርፌው በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚታይ ነው። እናንተ ከተወጋችሁ ዓመታት ስላለፉ ያ ፍርሃት ጊዜው አልፎበታል። እንደ ፋይዘር ባሉት ላይ የታየው የልብ ጡንቻ መቆጣት ደግሞ በብዛት ወጣት ወንዶችን የሚነካ ነው። እናትዎ የሚጠብቃቸው የክንድ ሕመም፣ የአንድ ሁለት ቀን ድካምና ትኩሳት ነው። በእነዚያ ቀናት ስኳራቸው ከፍ ሊል ስለሚችል ይለኩላቸው። ከዚህ በፊት ከመርፌ በኋላ ፊት የማበጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ገጥሟቸው ከነበረ ለሚከትበው ባለሙያ አስቀድመው ይንገሩ። በዕለቱ ትኩሳት ካላቸው ቀኑን ያራዝሙ።

የክትባቱን ልክ ደግሞ ይወቁ። ከተከተቡ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ከመያዝም በመጠኑ ይከላከላል፤ ከዚያ ይደክማል። ከከባድ ሕመም የሚሰጠው ጥበቃ ይቆያል፤ እሱም ቢሆን መቶ በመቶ አይደለም። ስለዚህ እናትዎ ተከተቡ ማለት የሚያስል ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ጅማን እናውቃታለን። ዝናብ ሲመጣ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሦስቱም ስኒ እስኪያልቅ ይቀመጣል። ቡናው አይቅር። በረንዳ ላይ ይውጣ፣ ወይም መስኮቱ ይከፈት። ልጆቹ ጉንፋን ሲይዛቸው ከአያታቸው ጋር በአንድ አልጋ አይተኙ። እርስዎ እያሳሉ መንከባከብ ግድ ከሆነብዎ ማስክ ያድርጉ። ለቅሶ ቤት እናትዎ መቅረት አይችሉም፤ ማንም ቅሪ ሊላቸው አይችልም። ድንኳን ውስጥ እንጂ ዝግ ክፍል ውስጥ አይቀመጡ። የባጃጁም ሸራ በሁለቱም ጎን ተዘግቶ ሦስት ሰው ከኋላ ሲጫን ያው ዝግ ክፍል ነው።

ይህን ስል አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጅማና አካባቢዋ ወባ አለ። ትኩሳት ሁሉ ኮሮና አይደለም። «አዲሱ ዝርያ ነው» ተብሎ ቤት ውስጥ በማጠን ሁለት ሦስት ቀን የባከነ ወባ ሰው ይገድላል። እናትዎን ካተኮሳቸው በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ይደረግ፤ የኮቪድ ምርመራ ካለ አብሮ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ የቲቢ ምርመራ ይጠይቁ። ስኳር ያለበት ሰው ለቲቢ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ በኮሮና ወሬ መሀል ይህ ይረሳል።

ከያዛቸውስ? የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ወሳኝ ናቸው። ፀረ ቫይረስ መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነ የሚጠቅመው በእነዚያ ቀናት ከተጀመረ ነው፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭም የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ማሳየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚከፋው በሳምንቱ ገደማ ነው፤ አራተኛው ቀን ላይ «ተሻለኝ» ቢሉ ክትትሉን አያቁሙ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካገኙ ይጠቀሙበት። ከ94 በታች ከወረደ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ከ90 በታች ከሆነ ሌሊትም ቢሆን አይጠብቁ። አንዳንድ አረጋውያን ኦክስጅናቸው ወርዶም ትንፋሽ አጠረኝ አይሉም። መደናገር፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ፣ ምግብ እንቢ ማለት፣ ስኳሩ ያለ ምክንያት ማሻቀብ ምልክት ነው።

ከመድኃኒት ቤት በራስዎ ዴክሳሜታሶን ገዝተው አይስጡ። ይህን አበክሬ ነው የምለው፤ «ለኮሮና ፍቱን» ተብሎ ስሙ ስለገነነ። መድኃኒቱ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን ታማሚዎች ሕይወት እንደሚያተርፍ ተረጋግጧል። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ግን ጥቅም አልታየበትም፤ ሊጎዳም ይችላል። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ስኳሩን ሰማይ ያደርሰዋል። አዚትሮማይሲንም ቫይረስ አይገድልም። ዝንጅብሉ ጉሮሮ ካለሰለሰላቸው ይጠጡ፤ ማሩን ግን ይተዉት፣ እናትዎ ስኳር አለባቸው። የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸውን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ምክሬ ይኸው ነው፦ በዚህ ሳምንት እናትዎን ይዘው በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የ2014ቱን የክትባት ካርድ ይያዙ። ከጠፋ ግን እሱን እስክታገኙ አትቆዩ፤ የተወጉትንና ዓመቱን በቃል መንገር ይበቃል። የኮቪድ ማጠናከሪያ እንዳለ ይጠይቁ። ካለ በዚያው ቀን ይወጉ። ከሌለ መቼ እንደሚገባ ጠይቀው ስልክዎን ያስመዝግቡ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም እንድታስታውስዎ ይንገሯት። ባዶ እጅዎን ግን አይመለሱ። የእናትዎን ግፊት አስለክተው፣ ስኳራቸውን አስመርምረው፣ መድኃኒታቸው ማስተካከያ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቀው ይመለሱ።